ቆጣሪውና ጄሪካኑ፦ ጎንደር ላይ የመብራትን ካርቦን እንዴት እንለካለን?

ፒያሳ አካባቢ ካፌ ያለው አንድ ወዳጄ ስልኩ ላይ የካርቦን ማስያ አገኘ። የወሩን የመብራት ፍጆታ አስገባ፤ 1,240 ኪሎዋት ሰዓት። ማስያው ወዲያው 558 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አወጣለት። ደነገጠ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ያረፈው ጓሮው ላይ በተደረደሩት የናፍጣ ጄሪካኖች ላይ ነበር። ስለ እነሱ ማስያው አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም።

ሂሳቡ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። አንደኛ፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 450 ግራም አስቦበታል። ይህ ለዓለም አማካይ የቀረበ ቁጥር ነው፤ ድንጋይ ከሰልና የተፈጥሮ ጋዝ የሚያነዱ አገሮች ሁሉ የተደመሩበት። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው። ሁለተኛ፣ በእርግጥ የሚጨሰውን ነገር ጭራሽ አላየውም።

ጎንደር ላይ የመብራት ካርቦን በብዛት የሚወጣው መብራት ባለ ጊዜ ሳይሆን መብራት በጠፋ ጊዜ ነው። ስለዚህ አለካካችንም በዚያው መሄድ አለበት። ከዚህ በታች የጻፍኩት በቤት፣ በካፌ፣ በትንሽ ሆቴልም ሆነ በጽሕፈት ቤት ይሠራል። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ የስልክ ካልኩሌተር፣ ትንሽ ሚዛን እና ባዶ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው።

ደረጃ 1፦ የማንን ነው የምትለኩት?

መጀመሪያ ወሰኑን አስምሩ። ብዙ ግቢ ውስጥ አከራዩና ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚኖሩት። ያኔ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ግቢውን በሙሉ እንደ አንድ ቤት ትቆጥራላችሁ፣ ወይ ደግሞ በደረጃ 3 እንደምናየው የራሳችሁን ዕቃዎች አንድ በአንድ ትለካላችሁ። "ለአራት እናካፍለው" የሚባለው ለሂሳብ መክፈያ ይሆናል፤ ለካርቦን አይሆንም። አንዱ ቤት እንጀራ እየጋገረ ይሸጣል፣ ሌላው ስልክ ብቻ ነው ቻርጅ የሚያደርገው።

ጊዜውንም ወስኑ። አንድ ወር ለመለማመድ ጥሩ ነው፤ ለመደምደም ግን አይበቃም። በተለይ ጥርን ብቻ ለክታችሁ በ12 እንዳታባዙ። ጥምቀት አለ፣ እንግዳ አለ፣ ሠርግ አለ። ከተማው እንደዚያ የሚሞላበት ሌላ ወር የለም።

ደረጃ 2፦ ቆጣሪውን በትክክል ማንበብ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን ንባቡ ላይ ነው።

ድህረ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ቀላል ነው። ወር በገባ በአንደኛው ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ከዛሬው ንባብ ያለፈውን ወር ንባብ ቀንሱ። ዲስክ በሚሽከረከርበት አሮጌ ቆጣሪ ላይ በቀይ የተለየች የመጨረሻ አሃዝ ካለች ከነጥብ በኋላ ያለች ናት፤ ከሌሎቹ ጋር አብራችሁ ካነበባችኋት ፍጆታችሁ አሥር እጥፍ ይሆናል። ቢል ላይ ያለውን ቁጥር ለማነፃፀሪያ ያዙት እንጂ አትመኑት። ቆጣሪ አንባቢ በር ተዘግቶበት ሲመለስ ቢሉ በግምት ሊሞላ ይችላል፤ በሚቀጥለው ወር ይካካሳል፣ የእናንተ ወርሃዊ ሂሳብ ግን ተዛብቶ ይቀራል።

ካርድ ቆጣሪ ከሆነ የሚታየው ብዙ ጊዜ የቀራችሁ ነው። ስለዚህ አካሄዱ እንዲህ ነው፦ በወሩ መጀመሪያ የነበረው ቀሪ፣ ሲደመር በወሩ ውስጥ የተሞላው፣ ሲቀነስ በወሩ መጨረሻ የቀረው። ለምሳሌ በ38 ጀመራችሁ፣ 150 ሞላችሁ፣ በ21 ጨረሳችሁ። 38 + 150 − 21 = 167 ኪሎዋት ሰዓት።

አደራ፣ ከብር ተነስታችሁ ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት አትሞክሩ። ታሪፉ በፍጆታ እርከን ይለያያል፣ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፣ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ይስተካከላል። መስከረም ላይ የከፈላችሁት 500 ብርና ሰኔ ላይ የከፈላችሁት 500 ብር አንድ ዓይነት መብራት አልገዙም።

ትልቅ ደንበኛ የሆናችሁ ደግሞ ማባዣ እንዳለ አረጋግጡ። የሚገባው ኃይል ለቆጣሪው ሲበዛ በመካከል ትራንስፎርመር ይገባና ቆጣሪው ጥቂቱን ብቻ ያያል። በላዩ 200/5 የሚል ከተጻፈ ንባቡ በ40 ይባዛል። እኔ ራሴ አንድ ሆቴል ውስጥ ይህን ሳላይ ቀርቼ አንድ ሙሉ ሆቴል ከእኔ ቤት ያነሰ መብራት እንደሚጠቀም በኩራት ተናግሬአለሁ። የሳቁብኝን ሳቅ አልረሳውም።

ደረጃ 3፦ ምጣዱን በብልጭታ መለካት

ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ከኪሎዋት ሰዓት ምልክት ጋር አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ 1600 ወይም 3200 ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ ይህን ያህል ጊዜ ስትበልጭ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ። ፍሪጁን ንቀሉ። ምጣዱን ብቻ አብሩና አንድ ደቂቃ ሙሉ ብልጭታውን ቁጠሩ። በፍጥነት ስለምትበልጭ በዓይን ከመቁጠር በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ አዘግይቶ ማየት ይሻላል። 80 ጊዜ በለጨች እንበል። 80 ለ1600 ሲካፈል 0.05፣ በ60 ደቂቃ ሲባዛ 3 ኪሎዋት። ምጣዱ በዚያች ሰዓት የሚበላው 3 ኪሎዋት ነው።

"ምጣዱ ላይ 3.5 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፎ የለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ተጽፏል፤ ለ220 ቮልት። ምጣድ የሚጠቀመው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም ወደ 190 ቮልት ከወረደ፣ ባለ 3.5ቱ ምጣድ 2.6 ገደማ ነው የሚስበው። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ የሚቆየው ለዚህ ነው። ያው እንጀራ ረዘም ባለ ሰዓት ስለሚጋገር በኪሎዋት ሰዓት ሲታሰብ የሚገኘው ቁጠባ የለም፤ እንዲያውም በቆየ ቁጥር ሙቀት በከንቱ ይባክናል። ለልኬታችን ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ዕቃው ላይ የተጻፈውን በሰዓት ከማባዛት ብልጭታውን መቁጠር ይበልጣል።

ፍሪጅን በዚህ መንገድ አትለኩ። ሞተሩ ይነሳል፣ ያርፋል። ሌላው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ሌሊት ሙሉ ከቆጣሪው ማንበብ ነው ያለው።

ደረጃ 4፦ ከመስመር የሚመጣው መብራት ስንት ግራም ነው?

ጎንደር ከጣና በስተሰሜን ናት፣ ጣና በለስም ቅርብ ነው። በዚህ ምክንያት "የእኛ መብራት ከበለስ ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋዋቱ ሕዳሴ፣ ግልገል ጊቤ ሦስት፣ ተከዜ፣ የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ፣ ሁሉም ወደ አንድ ብሔራዊ ቋት ነው የሚገቡት። ከቋቱ የተቀዳች አንዲት ኪሎዋት ሰዓት ከየት እንደመጣች መለየት አይቻልም። በጎንደር አልፎ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገረው 230 ኪሎቮልት መስመርም የሚወስደው ከዚሁ ነው። ስለዚህ የአገሩን አማካይ እንወስዳለን።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፤ መቀላቀል የለባቸውም።

የመጀመሪያው የጭስ ማውጫ ቁጥር ነው። ሲመነጭ የተቃጠለው ነዳጅ ብቻ ይቆጠራል። አሠራሩም ቀላል ነው፦ የሚያቃጥሉ ማመንጫዎች ያወጡት ካርቦን ለጠቅላላው ምርት ይካፈላል። እንዲያው ለማሳየት ያህል፣ ከ1,000 ኪሎዋት ሰዓት 5ቱ በናፍጣ ቢመነጩና እያንዳንዳቸው 800 ግራም ቢለቁ፣ 4,000 ለ1,000 ተካፍሎ 4 ግራም ይደርሳል። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ በሆነ አገር ይህ ቁጥር ለዜሮ የቀረበ ነው።

ሁለተኛው የዕድሜ ልክ ቁጥር ነው። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ከግድቡ ውኃ የሚወጣው ሚቴን ሁሉ ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለውኃ ኃይል መካከለኛው 24 ግራም፣ ለነፋስ ወደ 12፣ ለድንጋይ ከሰል 820 ነው።

ያቺ 24 ግን ሞኝ እንዳታደርገን። እዚያው ሪፖርት ውስጥ የውኃ ኃይል ከፍተኛው ከ2,000 ግራም ያልፋል። በሞቃት ቆላ ደን ውጦ የተኛ ግድብ ሣርና ዛፉ ከሥር እየበሰበሰ ሚቴን ይተፋል። ጣና በለስ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። አዲስ መሬት አላጥለቀለቀም፤ ከነበረው ሐይቅ ወደ 12 ኪሎሜትር በሚጠጋ ዋሻ ውኃ ወስዶ ወደ በለስ ይጥላል። የእኔ አቋም፣ ለቤትና ለሱቅ ሂሳብ 24ን ይዞ መሄድ በቂ ነው፤ ደብተሩ ላይ ግን "መካከለኛ ግምት" ብላችሁ ጻፉበት።

አንድ ነገር ይቀራል። ከማመንጫው የወጣው ሁሉ ቆጣሪያችሁ አይደርስም፤ መንገድ ላይ ይባክናል። እኔ 20 በመቶ እይዛለሁ። የወዳጄ 1,240 ለ0.8 ተካፍሎ 1,550 ይሆናል። ይህ በ24 ግራም ሲባዛ 37 ኪሎ ገደማ ነው። ማስያው 558 ነበር ያለው።

ደረጃ 5፦ ጄኔሬተሩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ጄኔሬተሩ አጠገብ አንድ ደብተር በገመድ እሰሩ፣ እስክሪብቶውንም አብራችሁ እሰሩ፤ ካልታሰረ በሦስተኛው ቀን አታገኙትም። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ የተነሳበት ሰዓት፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የተሞላ ሊትር።

ከአራቱ ንጉሡ ሊትሩ ነው። ለምን መሰላችሁ? አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለው ካርቦን አይለወጥም። ሊትሩ 0.84 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 87 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው። ሲቃጠል እያንዳንዱ ካርቦን ከአየር ሁለት ኦክስጅን ይዞ ይወጣል፣ ክብደቱም 3.67 እጥፍ ይሆናል። 0.84 በ0.87፣ በ3.67 ሲባዛ 2.68 ኪሎ። አንድ ኪሎ የማይሞላ ነዳጅ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ጋዝ ማውጣቱ ሰውን ግራ ያጋባል፤ ልዩነቱ ከአየር የመጣው ኦክስጅን ነው። ለቤንዚን 2.3 ያዙ።

በሰዓትና በኪሎዋት ተነስቶ መገመት ግን ጎንደር ላይ በተለይ አያስተማምንም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ይታፈናል፣ በላዩ የተጻፈውን ኃይልም አይሰጥም። በዚያ ላይ ብዙ ጄኔሬተር ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነው። አንድ ፍሪጅና አምስት አምፖል ለማብራት ሲንደቀደቅ የሚውል ትልቅ ሞተር፣ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጣው ናፍጣ ጉድ ነው። ሊትሩን የያዘ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው።

ሊትሩን መያዝ ካልቻላችሁ አንድ ጊዜ ፈትሹት። ታንከሩን እስከ አፉ ሙሉ። እንደ ወትሮው ዕቃ ጭናችሁ አንድ ሰዓት አስነሱት። አጥፉት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ከዚያ በሃይላንዱ እየለካችሁ እስከ ነበረበት መልሱት። አንድ ሃይላንድና 0.4 ሊትር ወሰደ እንበል። በሰዓት 2.4 ሊትር ነው። በወሩ 40 ሰዓት ከሠራ 96 ሊትር።

"ባለ 20" የሚባለውን ጄሪካን በስሙ አትመኑት። እስከ አፉ ሲሞላ ያልፋል፣ ሻጩ ሲቀዳ ደግሞ ሊጎድል ይችላል። ባዶውንም ሙሉውንም መዝኑና ልዩነቱን ለ0.84 አካፍሉ፤ ሊትሩ እሱ ነው።

የወዳጄ ሂሳብ እንግዲህ (ቁጥሮቹን ለምሳሌ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ) 96 በ2.68፣ 257 ኪሎ። ለመስመሩ መብራት የዕድሜ ልክ ቁጥር ስለተጠቀምን ለናፍጣውም እንደዚያው ካላደረግን አድልዎ ነው። አገራችን ማጣሪያ የላትም፤ ናፍጣው ተጣርቶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በቦቴ ረጅም መንገድ ተጉዞ ጎንደር ይገባል። ለማውጣት፣ ለማጣራትና ለማጓጓዝ በሊትር 0.6 ኪሎ ገደማ ይጨመራል፤ ለ96 ሊትር 58 ኪሎ። ድምሩ 315።

ጄኔሬተሩ በዚያ ወር የሰጠው 240 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ 6 ኪሎዋት ጭነው ለ40 ሰዓት ሲያስነሱት። ከካፌው ጠቅላላ መብራት 16 በመቶ ማለት ነው። ከካርቦኑ ግን 89 በመቶ የእሱ ነው። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲታሰብ ከመስመሩ ከ40 እጥፍ በላይ።

ደረጃ 6፦ ከሰልና ማገዶ

ሊጥ መብራት አይጠብቅም። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ መብራት ከሄደ እናቶቻችን ወደ ማገዶ ነው የሚዞሩት። ይህ የመብራት ሂሳብ ውስጥ መግባት አለበት። የቡናው ከሰል ግን አይገባም፤ መብራት ኖረም አልኖረም ቡና በከሰል ነው የሚፈላው።

ጠዋት ማገዶውን መዝኑ፣ ማታ የተረፈውን መዝኑ። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 1.75 ኪሎ፣ አንድ ኪሎ ከሰል 3.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ከሰሉ ከመምጣቱ በፊት የተቃጠለም አለ። አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል በባህላዊው መንገድ ስድስት ኪሎ ያህል እንጨት ይሄዳል።

እነዚህን ከናፍጣው ጋር አትደምሯቸው። በተለየ ገጽ ጻፏቸው። እንጨት ተመልሶ ከበቀለ ያንኑ ካርቦን መልሶ ይወስዳል፤ ካልበቀለ አይወስድም። የትኛው ዛፍ እንደተተካ ከጎንደር ገበያ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ በዓለም አቀፉ የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮልም ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብቻው ነው የሚመዘገበው።

ሶላር ያላችሁ ኢንቨርተሩ የሚያሳየውን ኪሎዋት ሰዓት በ45 ግራም አባዙ። ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

ደረጃ 7፦ በሦስት ቅርጫት ማስቀመጥ

ባንክ፣ ለጋሽ ድርጅት ወይም የውጭ አስጎብኚ "ስኮፕ" እያለ ከጠየቃችሁ እንዳትደነግጡ። ስኮፕ 1 በእጃችሁ የነደደው ነው፤ የወዳጄ 257። ስኮፕ 2 ገዝታችሁ የተጠቀማችሁት መብራት የጭስ ማውጫ ቁጥር ነው፤ እዚህ ለዜሮ የቀረበ። ስኮፕ 3 ከበስተጀርባ ያለው ነው፤ የናፍጣው ጉዞ 58፣ የግድቡ ዕድሜና የመስመሩ ብክነት 37፤ ድምር 95። ጠቅላላው 352 ኪሎ።

ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን "ተለካ" ወይም "ተገመተ" ብላችሁ ጻፉ። አንባቢ የሚያምናችሁ በዚህ ነው። ስኮፕ 2 ዜሮ ሆነ ብሎ "ካርቦን አልባ ሆቴል" የሚል ሰሌዳ መስቀልም ይቅርባችሁ፤ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይሰማል።

ደረጃ 8፦ ዓመቱን መዝጋት

ጳጉሜን ትረሳለች። አሥራ ሁለት ወር ደምራችሁ አምስቷን ወይም ስድስቷን ቀን ከተዋችሁ ዓመቱ ጎዶሎ ነው። የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ማታ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ታንከሩን ሙሉ፣ ደብተሩ ላይ አስምሩ። ቅጹ በፈረንጆች ዓመት ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ 23፣ አንዳንዴ 22 ላይ አንድ ተጨማሪ ንባብ ያዙ። በኋላ ከቢል ላይ ለማካፈል ከመሞከር ያቺ አንዲት ፎቶ ትሻላለች።

ወዳጄ ማስያውን ከስልኩ አጠፋው። ጄሪካኖቹ ላይ በቀለም ከ1 እስከ 5 ጻፈባቸው። ሦስተኛው መቼ እንደተሞላ አሁን አስተናጋጇም ታውቃለች።